በብሮውዘር የሚሠራ የፎቶ ማስተካከያ፦ ስላይደሩን ወደ 0 ስመልሰው ፎቶው ለምን አይመለስም?

ባለ_ብሩሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በብሮውዘር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ትንሽ የፎቶ ማስተካከያ እየጻፍኩ ነው። ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) የለውም፤ ኤችቲኤምኤል ካንቫስ (ገጹ ላይ በኮድ የሚሣልበት ሰሌዳ) እና ተራ ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው። ሰርቨርም የለውም። ፎቶው ከተጠቃሚው ስልክ አይወጣም፣ ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለእያንዳንዱ ፎቶ ዳታ አይበላም። ይህን አሠራር መቀየር አልፈልግም፤ ስለዚህ «ሰርቨር ላይ አድርገው» የሚለውን መልስ ተውልኝ።

ያሉት ክፍሎች፦ ፎቶ መክፈቻ፣ የብርሃንና የኮንትራስት ስላይደሮች (ሁለቱም ከ−100 እስከ 100)፣ ጥቁርና ነጭ ማድረጊያ፣ ብለር (ማደብዘዣ)፣ በጣት እየጎተቱ መቁረጫ፣ ፎቶው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ መጻፊያ እና ማስቀመጫ።

የተቸገርኩባቸው እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ብርሃኑን ወደ 80 ገፍቼ ወደ 0 ስመልሰው ፎቶው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ኮዱ በእያንዳንዱ የስላይደር ኢንፑት ኢቨንት (ስላይደሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብሮውዘሩ የሚልከው ማሳወቂያ) ላይ ከካንቫሱ በጌት-ኢሜጅ-ዳታ ፒክሰሎቹን ያነባል፣ የስላይደሩን ቁጥር በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ላይ ይደምራል፣ በፑት-ኢሜጅ-ዳታ መልሶ ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ 4000 × 3000 የሆነ የስልክ ፎቶ ስከፍት ስላይደሩ ይንቀራፈፋል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት ሙሉውን ኢሜጅ-ዳታ ለ«መልስ» ቁልፉ (የመጨረሻውን ለውጥ ለሚሽረው) አርሬይ (ዝርዝር) ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ጥቂት ለውጥ ከተደረገ በኋላ ስልክ ላይ ታቡ ራሱ ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ የመቁረጫው ሳጥን ጣት ካረፈበት ቦታ ርቆ ይሣላል፤ እየጎተትኩ ሳለ ደግሞ ገጹ አብሮ ይንሸራተታል።

አራተኛ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለ የናሙና ፎቶ ካንቫሱ ላይ በትክክል ይታያል፣ ላስቀምጠው ስል ግን ኮንሶሉ የሴኪዩሪቲ ኤረር ይሰጠኛል።

አምስተኛ፣ የአማርኛው ጽሑፍ መጀመሪያ ሲጻፍ በሌላ ፎንት ይወጣል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስነካው ይስተካከላል።

እባካችሁ ወንድማችሁን ተባበሩኝ።


አራት_ባይት፦

ሰላም ወንድሜ። አንደኛውና ሁለተኛው ችግርህ ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፦ ካንቫሱን እንደ ማሳያም እንደ ማከማቻም እየተጠቀምክበት ነው። ካንቫስ ማሳያ ብቻ መሆን አለበት።

ስላይደሩ ከ0 ወደ 80 ሲሄድ ኢቨንቱ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንዴ ተነሣ እንበል፤ አንተ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3 እያልክ አስቀድሞ በተለወጠው ፒክሰል ላይ ትደምራለህ። እስከ 80 ያለው ድምር 3240 ነው። ፒክሰል የሚይዘው ደግሞ ቢበዛ 255 ነው። ወደ 0 ስትመለስም 79፣ 78፣ 77 እያልክ አሁንም ትደምራለህ እንጂ አትቀንስም። ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ልዩነቱን ብቻ ልደምር፣ ሲመለስ ልቀንስ» ብትል ግማሽ መንገድ ነው የሚያስኬድህ። የኢሜጅ-ዳታው አርሬይ ከ255 በላይ የሆነውን 255 ላይ፣ ከ0 በታች የሆነውን 0 ላይ ይቆርጠዋል። 180 የነበረው ፒክሰል 80 ሲደመርበት 255 ይሆናል፤ 250 የነበረውም 255 ይሆናል። 80 ስትቀንስ ሁለቱም 175 ይሆናሉ። የነጠላው እጥፋት፣ የሰማዩ ደመና፣ የነበረው ልዩነት ሁሉ ጠፍቷል፤ በምንም ሒሳብ አይመለስም።

መፍትሔው ይህ ነው። ፎቶው ሲከፈት ዋናውን በአንድ ቬሪያብል ያዝና ከዚያ በኋላ በፍጹም አትጻፍበት። የተጠቃሚውን ምርጫ ሁሉ ለብቻው በአንድ ትንሽ ኦብጀክት አስቀምጥ፤ ብርሃን፣ ኮንትራስት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ብለር፣ የመቁረጫው ሳጥን፣ የዙር ማዕዘን፣ የጽሑፎች ዝርዝር። ስላይደር ሲነካ የሚለወጠው ይህ ኦብጀክት ብቻ ነው። ከዚያ «ሣል» የሚል አንድ ፈንክሽን ይጠራል፤ እሱም ሁልጊዜ ከዋናው ተነሥቶ፣ ኦብጀክቱን አንብቦ፣ ውጤቱን ካንቫሱ ላይ ያወጣል። ብርሃን 0 ከሆነ የሚደመረው 0 ነው፤ ፎቶው ወደ ነበረበት መመለሱ አያጠራጥርም። (ጃቫስክሪፕት የቬሪያብል ስም በአማርኛ ፊደል ይቀበላል፤ «ዋናው» እና «ቅንብር» ብለህ ብትሰይማቸው ኮዱ ይሠራል።)

«መልስ» ቁልፉም በዚሁ ይፈታል። ከ48 ሚሊዮን ባይት የፒክሰል ክምር ይልቅ የዚያን ኦብጀክት ቅጂ ብቻ ታስቀምጣለህ፤ ጥቂት መቶ ባይት ነው።

«ሣል» ውስጥ ቅደም ተከተሉን አታዛባ፦ መጀመሪያ ማዞርና መቁረጥ፣ ቀጥሎ ብርሃንና ኮንትራስት፣ ከዚያ ጥቁርና ነጭ፣ ከዚያ ብለር፣ በመጨረሻ ጽሑፍ። መቁረጥ ከፊት የሚሆነው የማይታይ ፒክሰል ላይ ሒሳብ እንዳይባክን ነው። ጽሑፍ መጨረሻ የሚሆነው ብለሩ ፊደሉን እንዳያደበዝዘው፣ ብርሃኑም ቀለሙን እንዳይለውጠው ነው።

ስለ ሒሳቡ። ብርሃን መደመር ነው። ለኮንትራስት የስላይደሩን ቁጥር በ2.55 አባዛና ከ−255 እስከ 255 የሚሄድ «ኮ» አግኝ፤ ከዚያ፦

ፍ = (259 × (ኮ + 255)) ÷ (255 × (259 − ኮ))
አዲስ = ፍ × (ነባር − 128) + 128

ኮ 0 ሲሆን ፍ 1 ይሆናል፣ ማለትም ምንም አይለወጥም። ስላይደሩ 50 ላይ ሲሆን ፍ ወደ 2.95 ይደርሳል፤ 100 ላይ 129.5 ይሆናል፣ ያኔ እያንዳንዱ ቀለም ከሞላ ጎደል 0 ወይም 255 ብቻ ይሆናል። እኔ ብሆን ስላይደሩን ከ−50 እስከ 50 እገድበው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለፎቶ አይጠቅምም።

ይህን ሒሳብ ለእያንዳንዱ ፒክሰል አትሥራው። የአንድ ቀለም ዋጋ ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሆነ 256 ቦታ ያለው ሠንጠረዥ ሥራ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር የብርሃኑንና የኮንትራስቱን ውጤት አንዴ አስልተህ ሙላው። ሉፑ ውስጥ የሚቀረው ከሠንጠረዡ ማንሣት ብቻ ነው። 12 ሚሊዮን ፒክሰል ባለው ፎቶ 36 ሚሊዮን ማባዛት ወደ 256 ወረደ ማለት ነው። ሠንጠረዡን በዩኢንት8-ክላምፕድ-አርሬይ አድርገው፣ ዳር መቁረጡንና ማጠጋጋቱን ራሱ ይሠራልሃል።

ሉፑ በ4 እየዘለለ ይሂድ። አንድ ፒክሰል አራት ባይት ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አልፋ (የግልጽነቱ መጠን)። አራተኛውን አትንካው። አልፋው ላይም የሚደምር ኮድ ኮንትራስት ሲቀነስ ፎቶውን ከፊል ግልጽ ያደርገዋል፤ ሰው ደግሞ ምክንያቱን ቀለሞቹ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

ጥቁርና ነጩን ሦስቱን ደምረህ ለ3 በማካፈል አትሥራው። ንጹህ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ባንዲራ እንውሰድ፤ በአማካይ አረንጓዴው 85፣ ቢጫው 170፣ ቀዩም 85 ይሆናል። ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ ማለት ነው። የሰው ዓይን አረንጓዴን ከቀይ በጣም አብልጦ ብሩህ አድርጎ ስለሚያይ ክብደቱ ይለያያል፦

ግራጫ = 0.2126 × ቀይ + 0.7152 × አረንጓዴ + 0.0722 × ሰማያዊ

በዚህ አረንጓዴው 182፣ ቢጫው 237፣ ቀዩ 54 ይሆናል፤ ሦስቱም ይለያሉ።


ነጥብ_በነጥብ፦

አራት_ባይት ባለው ላይ ስለ ፍጥነትና ስለ ሜሞሪ ልጨምር።

4000 × 3000 ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክሰል ነው፤ በ4 ሲባዛ 48 ሚሊዮን ባይት። ፋይሉ በዲስክ ላይ 3 ወይም 4 ሜጋ ባይት መሆኑ አያታልልህ፣ ጄፔግ ተጨምቆ ነው፤ ሲከፈት ይተረተራል። አሥር የ«መልስ» ደረጃ ስታከማች ወደ 480 ሜጋ ባይት ይዘሃል። የስልክ ብሮውዘር ታቡን የሚዘጋው ለዚህ ነው።

ሁለት መጠን ይኑርህ። አንደኛው ዋናው ፎቶ፣ ሁለተኛው ረጅሙ ጎኑ 1200 ፒክሰል የሆነ ማሳያ። ማሳያውን ፎቶው ሲከፈት አንዴ ብቻ በድሮው-ኢሜጅ አሳንሰህ ሥራው፣ የማለስለሻውን ጥራት «ሃይ» አድርገህ። 1200 × 900 ማለት 1,080,000 ፒክሰል፣ ወደ 4.3 ሜጋ ባይት ነው፤ ሥራው በ11 እጥፍ ቀነሰ። ስላይደሩ ሲንቀሳቀስ የሚሠራው በማሳያው ላይ ብቻ ነው። ዋናው የሚነካው ተጠቃሚው «አስቀምጥ» ሲል፣ አንዴ ብቻ ነው። የስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ የለም።

ይህን ስታደርግ ግን በፒክሰል የሚለካ ነገር ሁሉ አብሮ መስፋት አለበት። ማሳያው ላይ ብለሩ 6 ፒክሰል ከሆነ፣ 4000 ስፋት ባለው ዋናው ላይ 20 መሆን አለበት፤ ካልሆነ ተጠቃሚው ያየውና የተቀመጠው ይለያያሉ። የመቁረጫውን ሳጥን፣ የጽሑፉን ቦታና ቁመት በፒክሰል አትያዝ፤ ከፎቶው ስፋትና ቁመት አንጻር ከ0 እስከ 1 በሆነ ክፍልፋይ ያዛቸው። ያኔ በየትኛውም መጠን ላይ ታባዛቸዋለህ፣ አበቃ።

ቀጥሎ፣ ኢንፑት ኢቨንቱ ስክሪኑ ከሚታደስበት በላይ ሊነሣ ይችላል። በእያንዳንዱ ኢቨንት «ሣል»ን አትጥራ። «ሥዕል ታዟል» የሚል አንድ ምልክት ያዝ፤ ኢቨንቱ ሲመጣ ቅንብሩን ለውጥ፣ ምልክቱ ካልተነሣ አንሣውና በሪኩዌስት-አኒሜሽን-ፍሬም «ሣል»ን እዘዝ። «ሣል» ሲጀምር ምልክቱን ይመልስ። በአንድ ፍሬም አንዴ ብቻ ይሣላል፣ የሚሣለውም የመጨረሻው ዋጋ ነው።

ካንቫሱን ደጋግመህ ስለምታነብ ኮንቴክስቱን (ካንቫሱ ላይ የምትሥልበትን ኦብጀክት) ስትጠይቅ ዊል-ሪድ-ፍሪኩዌንትሊ የሚለውን ምርጫ እውነት አድርገው። ካልሆነ ብሮውዘሩ ካንቫሱን ጂፒዩ (የሥዕል ፕሮሰሰሩ) ላይ ያስቀምጠውና ፒክሰል ባነበብክ ቁጥር ወደ ራም መቅዳት አለበት፤ መዘግየቱ እዚያ ነው። ይህ ምርጫ የሚሠራው ኮንቴክስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ በኋላ ብትጨምረው ለውጥ የለውም።

ስለ ብለር፣ እዚህ ላይ ብዙ ኮድ ይበላሻል። ተራው መንገድ ለእያንዳንዱ ፒክሰል በዙሪያው ያሉትን ሁሉ አማካይ መውሰድ ነው። ራዲየሱ 10 ከሆነ 21 × 21፣ ማለትም 441 ንባብ ለአንድ ፒክሰል። ይህን በአንዴ አትሥራው፤ መጀመሪያ በአግድም ብቻ፣ ቀጥሎ በውጤቱ ላይ በቁመት ብቻ ሥራው። 21 እና 21፣ 42 ንባብ ይሆናል፤ ውጤቱ ከማጠጋጋት ልዩነት በቀር አንድ ነው። ከዚያም አልፎ ተንሸራታች ድምር መያዝ ይቻላል፦ አንድ ፒክሰል ወደ ቀኝ ስትሄድ አዲስ የገባውን ደምር፣ የወጣውን ቀንስ። ያኔ ራዲየሱ 5 ሆነ 50 ጊዜው አይለወጥም። አንድ ዙር ብቻ ካደረግህ ብርሃን ያለበት ነጥብ ሣጥን ሣጥን ይላል፤ ሦስት ጊዜ ብትደግመው ወደ ጋውስ ብለር በጣም ይቀርባል።

በብለር ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። ከምታነበው አርሬይ ላይ መልሰህ ከጻፍክ፣ የተለወጠውን ፒክሰል እንደገና ስለምታነብ ሥዕሉ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይጎተታል፤ ስለዚህ የሚነበበውና የሚጻፈው የተለያዩ አርሬዮች ይሁኑ። ሌላው የዳር ጉዳይ ነው፦ ከፎቶው ውጭ ያለውን እንደ 0 ከቆጠርክ ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ ይወጣል። ከዳር ያለፈውን አድራሻ ወደ መጨረሻው ፒክሰል መልሰው።

«ሲኤስኤስ ፊልተር እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» ትል ይሆናል። ሲኤስኤስ ፊልተር የሚለውጠው ካንቫሱ ሲታይ ያለውን መልክ ብቻ ነው፤ ስታስቀምጠው ፋይሉ ያልተነካ ሆኖ ይወጣል። የካንቫሱ ኮንቴክስት የራሱ ፊልተር ባሕርይ አለው፣ እሱ በእርግጥ ይቀመጣል፤ ግን ሳፋሪ ለረጅም ዓመታት ሳይደግፈው ስለቆየ የአይፎን ተጠቃሚ ምንም ለውጥ ላያይ ይችላል፣ ኤረርም አይሰጥም። ፒክሰሉን ራስህ ብትሠራ ሁሉም ጋ እኩል ይሠራል።

ሲቀመጥ በሙሉ መጠን የሚደረገውን ሒሳብ ወደ ዌብ ወርከር (ከገጹ ጎን ለብቻው የሚሠራ ኮድ) ብታወርደው ገጹ አይደርቅም። ባፈሩን (የፒክሰሎቹን ባይቶች የያዘውን) ስትልክ በትራንስፈር ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው፣ ያኔ አይቀዳም፣ ይተላለፋል። ከተላለፈ በኋላ ግን በዚህ በኩል ያለው ርዝመቱ 0 ይሆናል፤ ባዶ ሥዕል ከወጣብህ መጀመሪያ የተላለፈውን አርሬይ እየተጠቀምክ እንዳልሆነ እይ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። በብዙ የአይፎን ሳፋሪ ቨርዥኖች የካንቫስ ጠቅላላ የፒክሰል ወሰን 16,777,216 ነው፣ ማለትም 4096 × 4096። 12 ሜጋ ፒክሰል ያልፋል። 8064 × 6048 የሆነ የ48 ሜጋ ፒክሰል ፎቶ ግን ወደ 48.8 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ካንቫሱ ዝም ብሎ ባዶ ይሆናል። ስፋትና ቁመቱን አባዝተህ ከወሰኑ ካለፈ፣ ወሰኑን ለብዜቱ አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ውሰድና ሁለቱንም ጎን በእሱ አባዛ። ለዚህ ፎቶ 0.5865 ገደማ ነው፤ ወደታች ስታጠጋጋው 4729 × 3547 ይሆናል፣ ይህ ይገባል።


ጣት_ከስክሪን፦

ሦስተኛውን እኔ ልመልስ። ካንቫስ ሁለት መጠን አለው፦ አንደኛው የዊድዝና የሃይት አትሪቢዩቱ፣ ይህ የፒክሰሉ ብዛት ነው፤ ሁለተኛው ሲኤስኤስ ስክሪን ላይ የሚሰጠው መጠን። አትሪቢዩቱን ካልሰጠኸው 300 × 150 ይሆናል፤ ሲኤስኤስ ብቻ ሲሰጠው ሥዕሉ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ጣቱ የሚነግርህ በሲኤስኤስ መጠን ነው፣ አንተ የምትሥለው በአትሪቢዩቱ መጠን ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ይርቃል።

ጌት-ባውንዲንግ-ክላየንት-ሬክት ካንቫሱ ስክሪን ላይ የያዘውን ቦታ ይሰጥሃል። ከዚያ፦

አግድም = (የጣት አግድም − የግራ ጠርዝ) × የካንቫስ ስፋት ÷ በስክሪን ያለው ስፋት

ካንቫሱ 1200 ፒክሰል ሆኖ ስልኩ ላይ 360 ቢይዝ፣ የግራ ጠርዙ 10 ቢሆን፣ ጣቱም 190 ላይ ቢያርፍ፦ (190 − 10) × 1200 ÷ 360 = 600፣ ልክ መሐሉ ላይ ነው። የአንተ ኮድ 190ን በቀጥታ ስለወሰደ ወደ ግራ ርቆ ሣለው። ቁመቱንም እንዲሁ ከላይ ጠርዝ አስላ። ሬክቱን ገጹ ሲከፈት አንዴ ወስደህ አታስቀምጠው፤ ገጹ ሲንሸራተት ወይም ስልኩ ሲዞር ይለወጣል፣ በእያንዳንዱ ንክኪ መጀመሪያ እንደገና ጠይቀው። ለካንቫሱ ቦርደርና ፓዲንግ አትስጠው፣ ሬክቱ እነሱንም ስለሚቆጥር ሒሳቡን በጥቂት ፒክሰል ያዛባዋል፤ ክፈፍ ከፈለግህ በዙሪያው ላለው ዲቭ ስጠው።

ለማውስ አንድ፣ ለጣት ሌላ ኮድ አትጻፍ። ፖይንተር-ዳውን፣ ፖይንተር-ሙቭና ፖይንተር-አፕ ለማውስም ለጣትም ለስታይለስም ይሠራሉ። ገጹ እንዳይንሸራተት ለካንቫሱ በሲኤስኤስ ተች-አክሽንን «ነን» አድርገው። ይህን ካላደረግህ ብሮውዘሩ ንክኪውን ለማንሸራተት ይወስደውና ፖይንተር-ካንስል ይልክልሃል፣ ከዚያ በኋላ የሙቭ ኢቨንት አይመጣም። ጣቱ ሲያርፍ ሴት-ፖይንተር-ካፕቸር ጥራ፤ ጣቱ ከካንቫሱ ወጥቶ ቢነሣም ፖይንተር-አፑ ይደርስሃል፣ ሳጥኑም ከጣት ጋር ተጣብቆ አይቀርም። ፖይንተር-ካንስልንም እንደ ፖይንተር-አፕ ቁጠረው።

ተጠቃሚው ከቀኝ ወደ ግራ ወይም ከታች ወደ ላይ ሊጎትት ይችላል፤ ያኔ ስፋቱ ኔጌቲቭ ይሆናል። የሳጥኑ ግራ ከሁለቱ አግድም ቁጥሮች ትንሹ ነው፣ ስፋቱ የልዩነታቸው ፍጹም ዋጋ ነው። ከካንቫሱ ጠርዝ እንዳያልፍ ገድበው። 10 ፒክሰል ከማይሞላ ሳጥን አትቁረጥ፣ ያ ጎትቶ ሳይሆን ነክቶ ያለፈ ጣት ነው።

ሳጥኑን ፎቶው ያለበት ካንቫስ ላይ አትሣለው። በላዩ ላይ ሁለተኛ፣ ግልጽ ካንቫስ በአብሶሉት ፖዚሽን ደርብ፤ ኢቨንቶቹንም እሱ ይቀበል። ጣቱ ሲንቀሳቀስ የላይኛውን ብቻ በክሊር-ሬክት አጥርተህ ሳጥኑን ደግመህ ትሥላለህ፣ ፎቶው አይነካም። ውጭውን ለማጨለም ሙሉውን በግማሽ ግልጽ ጥቁር ሙላና የሳጥኑን ውስጥ በክሊር-ሬክት ክፈተው።

መቁረጡ ራሱ የድሮው-ኢሜጅ ዘጠኝ ነገር የሚቀበለው አጠራር ነው፦ ፎቶው፣ ከምንጩ ግራ፣ ላይ፣ ስፋት፣ ቁመት፤ ከዚያ የመድረሻው ግራ፣ ላይ፣ ስፋት፣ ቁመት። የካንቫሱን ዊድዝ ስትለውጥ ካንቫሱ ሙሉ በሙሉ ይጸዳል፣ ትራንስፎርሙና ፎንቱም ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ያንኑ ቁጥር መልሰህ ብትሰጠው እንኳ ይጸዳል። ስለዚህ መጠኑን አስቀድመህ ወስንና ከዚያ ሣል። በ90 ዲግሪ ስታዞር ስፋትና ቁመት ይለዋወጡ፤ መነሻ ነጥቡን በትራንስሌት ወደ መሐል ውሰድ፣ አዙር (ማዕዘኑ በራዲያን ነው፣ 90 ዲግሪ የፓይ ግማሽ ነው)፣ ፎቶውን ከግማሽ ስፋቱና ከግማሽ ቁመቱ ኔጌቲቭ ላይ ጀምረህ ሣል።


ባለ_ብሩሽ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ዋናው» እና «ቅንብር»ን ለይቻለሁ፤ ስላይደሩ ወደ 0 ሲመለስ ፎቶው በትክክል ይመለሳል። ሳጥኑም ጣቱ ላይ ተቀምጧል። ማስቀመጡና ፎንቱ ቀርቷል። አንድ አዲስ ነገር ደግሞ አለ፦ ዳራው ግልጽ የሆነ የፒኤንጂ ሎጎ ከፍቼ በጄፔግ ሳስቀምጠው ዳራው ጥቁር ሆነ። ጥራቱን 85 ብዬም፣ 40 ብዬም የፋይሉ መጠን አንድ ነው።


ፊደል_ገበታ፦

ሴኪዩሪቲ ኤረሩ፦ ከሌላ ምንጭ የመጣ ፎቶ ካንቫስ ላይ ሲሣል ብሮውዘሩ ካንቫሱን «የተበከለ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ማየት ይፈቀዳል፤ ፒክሰሉን ማንበብና ማስቀመጥ ይከለከላል። ይህ የሆነው አንድ ገጽ አንተ ሌላ ቦታ ላይ ሎግ ኢን ያደረግህበትን ፎቶ ስቦ እንዳያነብ ነው። ኤችቲኤምኤሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገህ ከፎልደር ስትከፍተው፣ ክሮም አጠገቡ ያለውን ፎቶ እንደ ሌላ ምንጭ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለሙከራ በራስህ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ሰርቨር አስነሣ፤ ፓይተን 3 ካለህ በውስጡ ያለው የኤችቲቲፒ ሰርቨር ሞጁል ይበቃል፣ ፖርት 8000 ላይ ከፍተህ በሎካልሆስት ግባ። ተጠቃሚው በፋይል መምረጫው የሚከፍተው ፎቶ ይህ ችግር የለበትም፤ ክሪኤት-ኦብጀክት-ዩአርኤል ተጠቀምና ፎቶው ከተጫነ በኋላ በሪቮክ-ኦብጀክት-ዩአርኤል ልቀቀው፣ ካልለቀቅኸው ፋይሉ ታቡ እስኪዘጋ ሜሞሪ ይዞ ይቆያል። ፎቶውን ከሌላ ድረ ገጽ የምታመጣ ከሆነ ክሮስ-ኦሪጅን አትሪቢዩቱን ሶርሱን ከመስጠትህ በፊት «አኖኒመስ» አድርገው፤ ያኛው ሰርቨርም መፍቀድ አለበት፣ ካልፈቀደ ከአንተ በኩል የሚደረግ ነገር የለም።

እዚያው ፋይል መምረጫው ላይ ሳለህ፦ ተጠቃሚው ያንኑ ፎቶ ሁለተኛ ጊዜ ቢመርጥ የቼንጅ ኢቨንቱ አይነሣም። ከእያንዳንዱ መክፈት በኋላ የኢንፑቱን ቫልዩ ባዶ አድርገው።

ጥቁሩ ዳራ፦ ጄፔግ አልፋ የለውም፤ ግልጽ የሆነው ቦታ በጥቁር ላይ ተደርቦ ይወጣል። ለማስቀመጥ በምትሠራው ካንቫስ ላይ መጀመሪያ ሙሉውን ነጭ ሙላ፣ ከዚያ ፎቶውን ሣል። ተጠቃሚው ግልጽነቱን ከፈለገ በፒኤንጂ ያስቀምጥ።

ጥራቱ፦ ቁጥሩ ከ0 እስከ 1 ነው። 85ም 40ም ከወሰን ውጭ ስለሆኑ ብሮውዘሩ ሁለቱንም ትቶ የራሱን መነሻ ተጠቀመ። 0.85 በለው። ለፒኤንጂ ይህ ቁጥር ትርጉም የለውም። ለማስቀመጥ ቱ-ዳታ-ዩአርኤልን ሳይሆን ቱ-ብሎብን ተጠቀም፤ የመጀመሪያው ፋይሉን ወደ ቤዝ64 ጽሑፍ ስለሚቀይረው በሢሶ ያህል ይተልቃል፣ ገጹንም ያቆመዋል።

በካንቫስ በኩል ያለፈ ፎቶ የካሜራው ተጨማሪ መረጃ አይከተለውም፤ የተነሣበት ቀንም ጂፒኤስ ቦታውም አብሮ ይጠፋል። ፎቶውን በግልጽ ለሚለጥፍ ሰው ይህ መልካም ነው፣ ማስቀመጫው አጠገብ በአንድ መስመር ብትነግረው ደስ ይለዋል።

አሁን ፎንቱ። ካንቫስ ፎንት አይጠብቅም። ፊል-ቴክስት በተጠራበት ቅጽበት ፎንቱ ካልደረሰ በሌላ ፎንት ይሥለዋል፣ በኋላ ሲደርስም ራሱ አያስተካክለውም። ሁለተኛ ስትነካው የሚስተካከለው እስከዚያ ስለደረሰ ነው። ስለዚህ ከመሣልህ በፊት በዶኪውመንት-ፎንትስ ሎድ ጥራና እስኪጨርስ በአዌይት ጠብቅ።

ለእኛ ፊደል ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሎድ ሁለተኛ ቦታ ላይ የሚጻፈውን ጽሑፍ ይቀበላል፤ ካልሰጠኸው አንድ ባዶ ቦታ ብቻ እንደሚጻፍ ይቆጥራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከጉግል ፎንትስ ስትጠራ ፎንቱ በዩኒኮድ ክልል ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ የላቲኑ ለብቻ፣ የኢትዮፒኩ ለብቻ። ለባዶ ቦታ የሚያስፈልገው የላቲኑ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ እሱን አውርዶ «ጨርሻለሁ» ይልሃል፤ አማርኛው ገና አልመጣም። ሎድን ስትጠራ ተጠቃሚው የጻፈውን የአማርኛ ጽሑፍ ራሱን ስጠው። ገጹ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ከፈለግህ ደግሞ የፎንቱን ፋይል ከገጹ ጋር አብረህ አስቀምጠው፤ በሰው ስልክ ላይ የትኛው የአማርኛ ፎንት እንዳለ መተማመን አይቻልም።

ፊል-ቴክስት መስመር አይሰብርም። ጽሑፉን በባዶ ቦታና በሁለት ነጥብ (፡) ከፋፍለህ ቃል በቃል ጨምር፤ በሜዠር-ቴክስት ስፋቱን ለካና ከሳጥኑ ሲያልፍ ወደ ቀጣዩ መስመር ውረድ። ሁለት ነጥቡን ከእሱ በፊት ካለው ቃል ጋር አቆየው፣ መስመር በ፡ አይጀምርም። ፊደሉ ከፎቶው እንዲለይ ክፈፍ ስትሰጠው ስትሮክ-ቴክስትን መጀመሪያ፣ ፊል-ቴክስትን በላዩ ሣል፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ክፈፉ የፊደሉን ውስጥ ይበላል፣ «ጨ»ና «ቋ»ን የመሳሰሉት አይነበቡም። ላይን-ጆይንን «ራውንድ» አድርገው፤ መነሻው «ማይተር» ስለሆነ የፊደሎቻችን ሹል ማዕዘኖች ላይ እንደ እሾህ የወጣ መስመር ይታያል።


አራት_ባይት፦

ፊደል_ገበታ ያለው የሎድ ሁለተኛ ቦታ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ ይህን መልስ አስቀምጡት።

«መልስ» ቁልፉ ላይ የቀረውን ልጨርስ። ቅንብሩን ወደ ታሪክ የምታስገባው በኢንፑት ኢቨንት አይደለም፣ በቼንጅ ነው። ኢንፑት ስላይደሩ እየተጎተተ ሳለ ይነሣል፣ ቼንጅ ሲለቀቅ አንዴ ይነሣል። በኢንፑት ካስገባህ ከ0 ወደ 80 የተደረገው አንድ ጉተታ እስከ 80 ደረጃ ይሆንና ተጠቃሚው «መልስ»ን ሲጫን ፎቶው በ1 ብቻ ይለወጣል፤ ቁልፉ የማይሠራ ይመስለዋል።

ኦብጀክቱን በስትራክቸርድ-ክሎን ቅዳው። በሦስት ነጥቡ ስፕሬድ ብትቀዳው የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው የሚቀዳው፤ የጽሑፎቹ ዝርዝርና የመቁረጫው ሳጥን በሁሉም ደረጃ ላይ አንድና ያው ሆነው ይቀራሉ፣ ዛሬ የተጻፈው ጽሑፍ ትናንት ወደነበረው ደረጃ ውስጥም ይገባል። ተጠቃሚው ሁለት ደረጃ ተመልሶ አዲስ ለውጥ ካደረገ፣ ከዚያ ወዲያ የነበሩትን የ«ድገም» ደረጃዎች ሰርዛቸው። እና ቅንብሩ ሲመለስ ስላይደሮቹን ራሳቸውንም ወደዚያ ቁጥር መልሳቸው፤ ፎቶው ተመልሶ ስላይደሩ 80 ላይ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ንክኪ ፎቶው ካለበት ዘልሎ ይሄዳል።